ጆሮ ቅጠሉ አጥር

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ አላመጣሁትም፣ በሕልሜም አላየሁትም፣ ያን ሰሞን ትኩሳት እንኳ አልነበረኝም።

ጊዜው ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲገባ። ቦታውም ጫካ ወይም የፈረሰ ቤት አይደለም። የሰፈራችን መንገድ ነው... ግራና ቀኙ አበባ የሆነ፣ በየቀኑ በእግሬ የምሄድበት መንገድ።

እዚህ ቻናል ላይ ብዙዎቻችሁ ታሪካችሁን በድምፅ ቀድታችሁ ትልካላችሁ። እኔም እንደዚያ ባደርግ ይቀለኝ ነበር።

አልቻልኩም። የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሥራዬ ድምፅ ነው። የድሮ ካሴት ያለው ሰው ያመጣልኛል፣ እኔ አጽድቼ በስልኩ እንዲሰማው አድርጌ እመልስለታለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም። የተበላሸ ቴፕ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ይባስ እያበላሸሁ የለመድኩት ነው። የሟች አባት ምክር፣ የሠርግ ጭብጨባ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን... ያ ሕፃን ዛሬ ጢም አብቅሎ ነው ካሴቱን ይዞ የሚመጣው።

ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሰው ቤት ነው።

ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ሰው ዝም ሲል ክፍሉ ዝም አይልም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትንፋሽ አለው። ወጥ ቤት የተቀዳ ዝምታና መኝታ ቤት የተቀዳ ዝምታ አይመሳሰሉም። አንዴ ጆሮህ ከለመደው፣ የሰውን ፊት እንደምትለየው ክፍሉን ትለየዋለህ።

የእኔ ቤት ትንፋሽ ሦስት ነገር አለበት። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብታ አለ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የግድግዳ ሰዓታችን አለ፤ አንዱን ጠንከር አድርጎ፣ ሌላውን ቀስ አድርጎ የሚመታ... "ይሄ ሰዓት ያነክሳል" ትል ነበር እህቴ።

ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር የምኖረው። እታለም ነው የምላት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። በኋላ ባሏ ሲሞትና ልጇ አድጋ ስትወጣ፣ እኔም ሳላገባ ስለቀረሁ፣ መልሰን አንድ ላይ ሆንን። ብዙ ስለማልናገር ከልጅነቴ ጀምሮ "ጭምቴ" ትለኛለች። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

አመሻሽ ላይ አብረን እንወጣ ነበር። ሐኪሙ ለጉልበትሽ ተራመጂ ብሏት ነው። እሷ ግን የምትወጣው ለአበቦቹ ነበር።

የአብዛኞቹን ስም አታውቅም። ራሷ ስም ታወጣላቸዋለች።

ከጥግ ቤቱ አጥር ላይ ወደ መንገድ የምትንዠረገገው ሐምራዊ ቡገንቪሊያ "ወሬኛዋ" ናት። "እያት፣ የቤቷን ሥራ ትታ አላፊ አግዳሚ ስትቆጥር ትውላለች!" ከመሃሉ ረጅም ቢጫ ዘንግ የሚወጣው ቀይ አበባ "ምላሱን የሚያወጣው" ነው። ቅጠሉ በቀዳዳ የተሞላው ሐረግ "ያረጀ ካናቴራ"። ፀጉር ቆራጩ በር ላይ ያለችው፣ ነጭ አበባዋን አስፋልት ላይ እያራገፈች መንገዱን የምታውደው ዛፍ "ሙሽሪት"። የወፍ ጭንቅላት የሚመስለው ብርቱካናማ አበባ ደግሞ "አውራ ዶሮው"።

"ጎረቤት ነው፤ ሰላም በለው እንጂ" ትለኛለች።

ሰላም እለዋለሁ። ትስቃለች።

ስም ያላወጣችለት አንድ ተክል ብቻ ነበር።

መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ከመታጠፉ በፊት ረጅም አረንጓዴ አጥር አለ። ከሰው ቁመት የበለጠ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ቅጠሉ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ደም ሥሩ የተገተረ...

ቅርጹ ጆሮ ነው። ቁርጥ የዝሆን ጆሮ።

እዚያ ጋ ስንደርስ እታለም ክንዴን ይዛ ወደ ማዶ ታሻግረኛለች። ከተሻገርን በኋላ ዝም ትላለች። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት... አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቃል አይወጣትም።

"ለምንድነው የምንሻገረው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ጥላው ይበርደኛል።"

ሌላ ቀን ስጠይቃት "አስፋልቱ በዚህ በኩል ይሻላል" አለች።

ነገሩን አላጠበቅኩትም። ለጉልበቷ ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ክረምት እታለም አረፈች።

ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ፈጣሪ ሰጠ፣ ፈጣሪ ወሰደ። አንድ ነገር ብቻ ልበል... ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው ፊቱ አይደለም። ድምፁ ነው። ፊቷን በየሰዓቱ አየዋለሁ፤ ድምጿን ግን ከሳምንታት በኋላ ለማስታወስ ስሞክር የራሴን ድምፅ ነበር የማገኘው።

አንድ ካሴት ግን ነበረኝ።

የጠገንኩትን ቴፕ ልሞክር ብዬ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼው የቀዳው ነው። እታለም አላወቀችም። ሻይ ታማስላለች። ታንጎራጉራለች። የጠዋት ጸሎቷን ታደርሳለች። መሃል ላይ "ጭምቴ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል" ትላለች፤ እኔ ከሩቅ "እሺ እታለም" እላለሁ።

የሰውን ካሴት ሁሉ የምገለብጥ ሰው ይህንን አልገለበጥኩትም። ለመገልበጥ ከዳር እስከ ዳር መስማት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ "ሻይህ ይቀዘቅዛል" ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ።

ልጇ በየሳምንቱ ትደውላለች። የከተማው ሌላ ዳር ነው የምትኖረው፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት።

"አጎቴ፣ የእማዬን ካሴት መቼ ነው የምትሰጠኝ?"

"በዚህ ሳምንት፣ ልጄ።"

"የቱ ሳምንት? የሰውን እናት ሁሉ ገልብጠህ ጨረስክ፣ የእኔ እናት ተራ አልደረሳትም?"

ትስቃለች። ሳቋ መጨረሻ ላይ ግን ይሰበራል። "ድምጿ እየጠፋኝ ነው እኮ፣ አጎቴ..."

"በዚህ ሳምንት" እላታለሁ።

ብቻዬን መሄዴን ቀጠልኩ። ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ መንገድ። ወሬኛዋን ሰላም እላለሁ፣ አውራ ዶሮውን ሰላም እላለሁ። የሚስቅልኝ ግን የለም።

አንድ ቀን በሐሳብ ነጉጄ ሳልሻገር ቀረሁ።

ከአጥሩ ኋላ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ውሃ ቅጠል ላይ ሲወርድ፣ ከቅጠል ቅጠል ሲንጠባጠብ። ደስ የሚል ድምፅ ነው። ቆም አልኩ።

"ብቻህን ነህ ዛሬ?"

የሴት ድምፅ ነው። ጠና ያለች። ለስላሳ።

"አዎ፣ እመቤቴ" አልኩ ወደ ቅጠሉ። "እህቴ አረፈች።"

"እህትህ አረፈች..." አለች፣ ቀስ ብላ። "ንገረኝ እስቲ።"

ንገረኝ እስቲ!

ስንት ዘመን ሰው ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ቆሜ ነገርኳት። ጀንበር እስክትገባ ነገርኳት። አታቋርጠኝም። አትቸኩልም። ስጨርስ "ነገ ና" ብቻ አለችኝ።

ቤቴ ስደርስ ነው ያሰብኩት... ውሃው ሲወርድ እየሰማሁ ከእግሬ ሥር ያለው አፈር ግን ደረቅ ነበር። ስንጥቅጥቅ ያለ፣ አቧራ።

ነገም ሄድኩ። ከነገ ወዲያም።

ከማዶ ያለው ግቢ ዘበኛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። እጄን አነሳለታለሁ፤ እሱም ያነሳል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ከቀናት በኋላ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ሲናገር ትንፋሽ ይስባል። ከካሴት ሳጸዳ የሚያታግለኝ እሱ ነው። ይቺ ሴት ግን በዓረፍተ ነገርና በዓረፍተ ነገር መካከል... ምንም።

አትተነፍስም።

ደግሞ ቅጠሎቹ። ተክል ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። ፀሐይዋ በቁልቁለቱ በኩል ነበረች። ቅጠሎቹ በሙሉ ግን እኔ ወደምመጣበት ዞረው ነበር የሚጠብቁኝ።

ይህን ሁሉ አየሁ። ግን ምን ላድርግ? ቤቴ የሚጠብቀኝ የሚያነክስ ሰዓት ነው።

"ከአጥሩ ሥር ችግኝ አለ" አለችኝ አንድ ቀን። "ውሰደው። ብቻህን አትደር።"

በሰፈራችን ችግኝ መሰጣጣት እንደ ሰላምታ ነው፤ በአጥር ላይ ይቀባበሉታል። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ሥሩ እንደታጠበ ንጹሕ ነበር። አንድ ቅጠል ብቻ አለው፤ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ያልተከፈተ።

የእታለምን ባዶ ማሰሮ አፈር ሞልቼ ተከልኩትና መስኮቴ ላይ፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ሲነጋ ቅጠሉ ተከፍቶ ነበር። ፊቱን ለመስኮቱ ሳይሆን ለወንበሬ ሰጥቶ።

ወደ ብርሃኑ መልሼ አዞርኩት።

ጸሎቴን አድርሼ ዞር ስል... ተመልሷል።

"የእህትህ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?" ስትል ጠየቀችኝ።

"ካሴት አለኝ" አልኳት። ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን።

"አሰማኝ።"

በማግስቱ ትንሿን ቴፕ ይዤ ሄድኩ። ብቻዬን ልሰማው ያልቻልኩትን፣ ሰው አጠገቤ ካለ እችለዋለሁ ብዬ ነው። ባትሪ ከተትኩ። ከፈትኩት። ሻይ ማማሰያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ... እንጉርጉሮዋ... ጸሎቷ...

ነፋስ አልነበረም። ቅጠሎቹ ግን ሁሉም ይንቀጠቀጡ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አለቀስኩ። ቀለለኝም። ዛሬ እገለብጠዋለሁ፣ ለልጇ እሰጣታለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ማሽኑ ላይ ከተትኩት። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ወጥ ቤቱ አለ። ትንፋሹ፣ የቧንቧው ጠብታ፣ አንካሳው ሰዓት። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ። ወንበሩ ሲንሲያጠጥ።

እታለም የለችም።

ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሜ ሰማሁ። ማንኪያ... ዝምታ... ከሩቅ የእኔ ድምፅ፣ ለማንም፦

"እሺ እታለም።"

በሥራዬ ልንገራችሁ። ካሴት ይጠፋል፣ ይላጣል፣ ማሽን ይበላዋል። ሲጠፋ ግን ሁሉም ነው የሚጠፋው። ማንኪያውን ትቶ ሴትዮዋን ብቻ የሚወስድ ነገር የለም። ልብስ ታጥቦ ቆሻሻው ቀርቶ ቀለሙ ብቻ ተለይቶ እንደወጣ ቁጠሩት።

በማግስቱ ሰዓቱ እስኪደርስ እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ገና ከአጥሩ ጫፍ ስደርስ...

"ጭምቴ፣ ዛሬ ዘገየህ።"

የእታለም ድምፅ ነበር።

ስሜን ከየት አወቀችው አልልም፤ ካሴቱ ላይ አለ። ድምፁ ግን... ቃሉን ስትጨርስ ትንሽ ከፍ የምታደርጋት ነገር እንኳ ሳትቀር።

"እመቤቴ..." አልኩ። "የእህቴን ድምፅ ይመልሱልኝ።"

"ምኑን ልመልስልህ? ይኸው አለሁ አይደል?"

አሁንም አትተነፍስም።

ወደ ቤቴ መመለስ ነበረብኝ። አውቃለሁ። ጸሎት የሚያደርስ ሰው ይህን መለየት አያቅተውም ትሉኝ ይሆናል። አላቃተኝም። ያን ዕለት ስጸልይም "ይህ ከአንተ ካልሆነ አርቅልኝ" አልኩ። ቀጥዬ ግን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ትንሽ ቆይተህ" አልኩ።

በየቀኑ ሄድኩ። "ወሬኛዋን አየሃት?" ትለኛለች። "አውራ ዶሮውን ሰላም አልከው?" እስቃለሁ። ማን እንደነገራት ግን አልጠየቅኩም።

ልጇ ደወለች።

"አጎቴ፣ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። በቃ።"

"አ-አይሆንም። እኔ አመጣልሻለሁ።"

"ደህና ነህ ግን? ድምፅህ ሻክሯል።"

እውነት ነው፣ እየሻከረ ነበር። ብዙ እያወራሁ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ምን እንደምሰጣት ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ካሴቱ ባዶ ነው። እታለም ግን ከአጥሩ ኋላ ታወራለች። ልቅዳት። ለልጇ የእናቷን ድምፅ ልስጣት። ከየት እንዳመጣሁት ማን ይጠይቀኛል?

ስልኬን ከፍቼ ቅጠሉ ሥር ያዝኩት።

"እታለም፣ ለልጅሽ አንድ ነገር በያት።"

ከዚያ...

"ልጄ፣ ነይ። ነይና አብረን እንሁን።"

ይዤ ሮጥኩ።

ቤቴ ገብቼ ስልኩን ከማዳመጫዬ ጋር አያያዝኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደጅ የተቀዳ ነገር እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ... መኪና ያልፋል፣ ወፍ አለ፣ ነፋስ ማይኩን ይመታል። ያን ጠበቅኩ።

ምንም የለም። መኪናው የለም። ወፏ የለችም።

የተዘጋ ክፍል ነው።

"ልጄ፣ ነይ..."

ከድምፁ ኋላ... ጠብታ።

ከጠብታው ኋላ የልብስ ስፌት መኪና፣ በግድግዳ ታፍኖ።

ከዚያ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ቀስ ያለ... ሰዓት። የሚያነክስ።

ይህ የእኔ ክፍል ነው።

መንገድ ላይ ቆሜ ሳወራት የከረምኩት ሴት፣ ስታወራኝ የከረመችው ከቤቴ ውስጥ ነበር።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ቅጠሉ ከፊቴ ከስንዝር አይርቅም። እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። ተክል አይመስልም ነበር... ደም ሥሩ ይመታ ነበር።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ማሰሮውን አቅፌ ወጣሁ። በሩን ቆልፌ ወረድኩ።

አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት። ጮህኩ። ጭምት የተባልኩት ሰው በአደባባይ ጮህኩ።

"መልሺልኝ! የእሷን መልሺ! የልጇ ነው፣ የእኔ አይደለም! መልሺ!"

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ቅጠሎቹ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

ዘበኛው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ትከሻዬን ያዘኝ።

"ወንድሜ... ተረጋጋ። ለማን ነው?"

"ለሴትዮዋ" አልኩ። ድምፄ ሹክሹክታ ሆኗል። "ከአጥሩ ኋላ ላለችው።"

ዘበኛው አየኝ። ከዚያ ዱላውን በቅጠሎቹ መሃል ሰደደ። ክንዱ እንኳ ሳይገባ... ቋ!

"መጋዘን ነው" አለ። "ግድግዳ። በር የለው፣ መስኮት የለው። እኔ ደግሞ በየቀኑ ቆመህ ሳይህ ጸሎት እያደረሰ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።"

"ውሃ የሚያጠጣውስ ማነው?"

"ማን ያጠጣዋል? እዚህ ግቢ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጠብታ አላየም።" ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ "ድሮ አብራህ የምትሄደው ሴትዮ እህትህ ነበረች አይደል? በዚህ በእኛ በኩል ነበር የምታሻግርህ። 'እዚያ ጋ ሰው አያውራ' ብላኝ ነበር። ቀልዷን መስሎኝ..."

ማሰሮውን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ደረጃውን ስወጣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ክር ከቀሚሷ ላይ ታራግፋለች። ስታሾፍብኝ "መነኩሴው" ነው የምትለኝ።

"ኧረ መነኩሴው!" አለች፣ ፊቷ በርቶ። "ዛሬስ ሳቅህ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እንግዳ አለህ መሰለኝ፣ እሰይ!" ከዚያ እያየችኝ ቆመች። ወደ በሬ አየች። መልሳ ወደ እኔ። "መቼ ወጣህ? አሁን እኮ... አሁን ስታወራ ነበር..."

ወደ በሬ ሄድኩ።

ቁልፉን ሳልከት ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይዞራል። እታለም ታንጎራጉራለች። ከዚያ ሁለት ድምፅ አብረው ጸሎት ያደርሳሉ፣ የጠዋቱን ጸሎት፣ በምሽት። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው የወንድ ነው።

ለስለስ ያለ። ቀስ የሚል። ቃል ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው ቀጭን ትንፋሽ የሚስብ።

ያን ትንፋሽ ከስንት ካሴት ላይ አጽድቼዋለሁ። የእኔ ነው።

"ጭምቴ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል።"

"እሺ እታለም" አልኩ። እኔ ሳልሆን... ውስጥ ያለው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ መሰለኝ፤ ከራሴ ቤት ደጅ፣ እንደ ለማኝ። ውስጥ ሞቅ ያለ ነበር። ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ነበር። ለምን ልዋሽ... ፍርሃቴ ትንሽ ነበር። ያኔ የተሰማኝ ቅናት ነው።

በመጨረሻ ተነስቼ አንኳኳሁ።

ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሰዓቱ እንኳ።

ከበሩ ማዶ፣ ቅርብ፣ በእኔ ድምፅ፦

"ማነው?"

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልል።

ምንም አልወጣም። ሹክሹክታ እንኳ። በር ሲከፈት እንደሚወጣ ባዶ አየር።

ወደ ታች አየሁ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አንድ ጥቁር አረንጓዴ የቅጠል ጫፍ ወጥቶ ነበር። ቀስ... ቀስ ብሎ ወደ ላይ ታጠፈ። ወደ አፌ አቅጣጫ።

በእግሬ ነው የእታለም ልጅ ቤት የደረስኩት። አይታኝ ደነገጠች፣ አስገባችኝ፣ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። ወረቀት አምጪ ብዬ በእጄ አሳየኋት። "ድምፄ ጠፋ" ብዬ ጻፍኩላት። ሐኪም ጉሮሮዬን አይቶ ጤነኛ ነህ አለኝ።

ሁሉን አልጻፍኩላትም። ካሴቱ ተበላሸ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ብዙ አለቀሰች። አልተቆጣችኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሳታየው አነሳችው፤ እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀችው።

"ልጄ" አለ ስልኩ። "ካሴቱን አገኘሁት። ነይና ስሚ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሬን አየች። ከዚያ ስልኩን አየች። የስልኩ መስታወት ላይ የእኔ ቁጥር ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ጥዬው የመጣሁት ስልክ።

ከድምፁ ኋላ አንካሳው ሰዓት ይመታል። ከሰዓቱም ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ሴት ታንጎራጉራለች።

"እማዬ...?" አለች።

ዘልዬ ስልኩን ዘጋሁት። እጇን ያዝኩ። ራሴን ነቀነቅኩ፦ አይሆንም፣ አይሆንም፣ አትሄጂም። ልጮህላት ፈለግኩ። በሕይወቴ መናገር ያስፈለገኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

"አጎቴ" ብላ አንሾካሾከች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ያበራል፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም ያለበት። "እሷ ናት እኮ... ሰማሃት? ደግሞ ያ ማነው? አንተ ነህ?"

ወረቀቱን ለማንሳት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከወረቀቱ አጠገብ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጦ ነበር። ውስጡ ሥሩ ንጹሕ የሆነ ችግኝ።

"እሱን?" አለች ዓይኔን ተከትላ። "ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አገኘሁት። አንተ ያመጣኸው መስሎኝ..."

አንድ ቅጠል ብቻ ነበረው፣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ።

እያየነው መፈታት ጀመረ።

ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ነበረች። ቅጠሉ ጀርባውን ለፀሐይዋ ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በደንብ ተከፍቶ... ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

"ንገረኝ እስቲ፣ አጎቴ" አለች ልጇ። "ምንድነው?"